ሁሉን ነገር የሚቃወም ጎረቤት አለኝ፤ እንዴት ልግጠመው?

ብሎክ14፦
ሰላም ለቤቱ። ነገሩ ትንሽ ነው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መርጠውኛል፣ ማለቴ ሌላ እሺ ያለ ሰው ስላልነበረ እኔ ላይ ወደቀ። የውሃ ፓምፓችን ተቃጥሏል። ደጋግመን አስጠገንነው፣ አሁን ባለሙያው ራሱ "ይሄ በቃው፣ ብራችሁን አታባክኑ" ብሎናል። አራተኛ ፎቅ ያሉ እናቶች ጄሪካን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ማየት ያሳፍራል። ስለዚህ በየቤቱ አዋጥተን አዲስ ፓምፕና አንድ ተጨማሪ ሮቶ እንግዛ አልን። ማን ይሄን ይቃወማል?

አንድ ጡረታ የወጡ አባት አሉ። ስማቸውን ልተወው። ሰው ያከብራቸዋል፣ ንግግርም ይችሉበታል። እኔ ሀሳቡን ገና ሳልጨርስ ብድግ ይላሉ። "ባለፈው የተዋጣው ብር የት ገባ?" ይላሉ። ሰው ያጨበጭባል። ሌላው ይከተላል፣ ጫጫታ ይሆናል፣ ስብሰባው ይበተናል። ውሃ የለም። እሳቸው ደግሞ ምድር ቤት ናቸው፣ ማታ ማታ ትንሽም ቢሆን ይመጣላቸዋል፤ እሱን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ኮሚቴ ውስጥ ያሉ ልጆች "ሐኪም ቤት ቀጠሮ ባላቸው ቀን ስብሰባ እንጥራና አስወስነን ቃለ ጉባኤ እናስፈርም" ይሉኛል። ሌላው "ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ልክ ልካቸውን እንንገራቸው" ይላል። እኔ ግን መርታት የምፈልገው በክርክር ነው። በሰው ፊት። እዚህ ቤት ፖለቲካውንም ስፖርቱንም የምትከታተሉ ሰዎች ስላላችሁ ነው የጠየቅኳችሁ፤ የሚቃወምህን ሰው እንዴት ነው የምትገጥመው?

ሸገር_ቀማሽ፦
ሐኪም ቤት ቀጠሮ ጠብቆ ድምፅ ማሰጠት ሃሃሃ። ይሄ ኮሚቴማ ለትልቅ ሥልጣን የታጨ ነው።

ዙር25፦
እኔ ከሩጫ ሌላ የማውቀው የለም፣ ስለዚህ በሩጫ ልንገርህ። ሲድኒ 2000፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ሁላችንም ያቺን የመጨረሻ ቀጥታ መንገድ ብቻ ነው የምናስታውሰው። ኃይሌ ገብረሥላሴ 27:18.20፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27:18.29። የ9 መቶኛ ሰከንድ ልዩነት! በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እንኳ ከዚህ በሰፋ ልዩነት ነው የገቡት። እነዚህ ግን 25 ዙር ሮጠው ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቴርጋት ነው። ሰውዬው ኃይሌን አጥንቶታል። አትላንታ 1996 ላይ ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነት እየጨመረ ሊያደክመው ሞከረ። ኃይሌ ከኋላው ተለጥፎ ቆየና መጨረሻ ላይ ጥሎት ሄደ። ስለዚህ ሲድኒ ላይ ቴርጋት እቅዱን ገለበጠው። ታገሰ፣ ታገሰ፣ 250 ሜትር ገደማ ሲቀር በኃይሌ በራሱ መሣሪያ መጣበት። ሁላችንም አለቀልን ብለን ነበር። ኃይሌ ደግሞ ጅማቱን ታሞ የመጣበት ውድድር ነው፤ እንዴት እንደደረሰበት አሁንም ቪዲዮውን ሳይ አይገባኝም።

ቴርጋትን ቁጠረው እስቲ። ጎተንበርግ 1995 ሦስተኛ፣ አትላንታ ሁለተኛ፣ አቴንስ 1997 ሁለተኛ፣ ሴቪያ 1999 ሁለተኛ፣ ሲድኒ ሁለተኛ። ሁሉንም የበላው አንድ ሰው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዳኛ ይሰድብ ነበር። እሱ ወደ ማራቶን ሄደና በ2003 በርሊን ላይ 2:04:55 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በ2007 ኃይሌ እዚያው በርሊን ሄዶ በ2:04:26 ወሰደበት፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ወዳንተ ስመጣ፤ አንተ እኮ ከቴርጋት የቀለለ ነገር ነው ያለህ። ሽማግሌው ምን ይዘው እንደሚመጡ ታውቃለህ። ሁሌም አንድ ጥያቄ ነው። ታዲያ ለምንድነው ሁሌ ባዶ እጅህን የምትሄደው?

የአራት_ኪሎዋ፦
ዙር25 አፌ ላይ ያለውን ወሰደብኝ። ብሎክ14 የጻፍከውን ደግመህ አንብበው። ስለ ፓምፑ ነገርከን፣ ስለ ጄሪካኑ ነገርከን፣ የሰውዬውን ፎቅ ሳይቀር ነገርከን። የጠየቁህን ግን ለእኛም አልመለስክልንም። ብሩ የት ገባ?

ብሎክ14፦
ጉዳዩ እሱ አይደለም! ያ ከእኔ በፊት የነበረው ኮሚቴ ነው። እኔ የበላሁት ነገር የለም። አሁን የምንነጋገረው ስለ ውሃ ነው።

ነገረ_ፈጅ፦
የጥብቅና ሰው ነኝ፣ ትንሽ ልግባ። ፍርድ ቤት ዳኛው ሁለቱን ወገን ከሰማ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ጭብጥ መያዝ ነው። የታመነው ወደ ጎን ይቀመጣል። የተካካዱበት ብቻ ይለያል። ምስክርም ማስረጃም የሚሰማው በሱ ላይ ነው። እዚያ ብሎክ ፓምፕ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን የካደ ሰው አለ? ሽማግሌው "ፓምፕ አያስፈልግም" ብለው ያውቃሉ? ከጻፍከው እንዳየሁት አላሉም። የተካካዳችሁት በብሩ ነው። አንተ የታመነውን ነገር ስታስረዳ ትውላለህ፣ ጭብጡ ላይ ስትደርስ "ጉዳዩ እሱ አይደለም" ትላለህ። ጎበዝ፣ ጉዳዩ እሱ ነው።

ጀማሪ ጠበቆችን የማስቸግራቸው አንድ ነገር አለ። የራሳቸውን ክርክር ከመጻፋቸው በፊት የተቃራኒውን ወገን ክርክር እንዲጽፉ አደርጋለሁ። አሳምረው። የዚያኛው ጠበቃ ቢያነበው "እንዲህ አድርጌ ብጽፈው ኖሮ" እስኪል። ብዙዎቹ ሲጽፉት ይናደዳሉ፣ ምክንያቱም የራሳቸው ደንበኛ ቀዳዳ የሚታያቸው ያኔ ነው።

በድሮው ሙግትማ ጭራሽ ከተቃዋሚህ መሸሽ አይቻልም። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ነው ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱት። መንገድ ላይ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ "ዳኘን" ብለው ያስቆሙታል፣ ሰው ከቦ ይሰማል። ከዚያ በላ ልበልሃ ነው። ውርርድም አለው፤ በቅሎ፣ ፈረስ፣ ማር፣ እንደ አቅሙ፣ የተረታ ይከፍላል። እስቲ አስቡት፤ የሚከስህ ሰው ነጠላ ካንተ ጋ ታስሮ ዳገቱን አብራችሁ ስትወጡ። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው "ይማርህ" ማለቱ ይቀራል?

የ97ቱ_ተማሪ፦
ከሩጫና ከፍርድ ቤት ወደ ፖለቲካው ላምጣው። ምርጫ 97 ሲደርስ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ሻይ ቤት ሞልቶ በር ላይ ቆመን ነበር የምናየው። ኢሕአዴግ፣ ቅንጅት፣ ኅብረት። በአንድ ወገን እነ በረከት ስምዖን፣ በሌላ ወገን እነ ብርሃኑ ነጋና ልደቱ አያሌው። መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል የሚለው ሲመጣማ አስተናጋጇ ሳትቀር ትሪዋን ይዛ ትቆም ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ገበሬው ሸጦ ከተማ ይጎርፋል የሚለውና የራሱ ያልሆነን መሬት ማን ተንከባክቦ ያለማል የሚለው ፊት ለፊት ተፋጠጡ። እኔ ከገጠር የመጣሁ ስለሆንኩ በሁለቱም ውስጥ አባቴን አየሁት።

እዚያ ሻይ ቤት ነጥብ ይያዝለት የነበረው ለጯሂው አልነበረም። "እርስዎ ያሉት እንዲህ ነው" ብሎ የተቃዋሚውን ሀሳብ ሳያጣምም ደግሞ፣ ከዚያ "ግን" የሚል ሰው ሲመጣ ነው ቤቱ ጸጥ የሚለው። የሰውየውን ሀሳብ አጣሞ የሚመልስ ሲመጣ ሚሪንዳ ጠርሙሱን በጠረጴዛ ያንኳኩበታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ምክር ቤት ላይ ቅንጅት ከ138 ወንበር 137 አሸነፈ። ቀጥሎ በመጣው ምርጫ፣ በ2002፣ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበር ተቃዋሚ ያገኘው አንድ ብቻ ሆነ፣ አንድ ደግሞ የግል ተወዳዳሪ። በ2007 ዜሮ። ሁሉም ወንበር የገዢው ፓርቲና የአጋሮቹ። ብሎክ14 ኮሚቴህ ያሰበው "ሐኪም ቤት በሄዱበት ቀን እንጥራ" ይሄው ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚቃወም የለም፣ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። ብዙም ሳይቆይ ኅዳር 2008 ላይ ኦሮሚያ ተነሳ፣ ቀጥሎ አማራ ክልል፣ የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ወንበር ያጣው ተቃውሞ መንገድ ላይ ወጣ እንጂ ቤቱ አልገባም።

አልዋጥልኝም፦
ክርክር ክርክር አትበሉን ወንድሜ። 97 ላይ ክርክሩን የረቱት ሰዎች መጨረሻቸው ቃሊቲ ነበር። በሰኔና በጥቅምት የሞተውስ? አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠረው 193 ሲቪል ነው። ክርክር የሚያምረው ዳኛ ሲኖር ነው። "ዳኛ ሲገኝ ተናገር ወንዝ ሲጎድል ተሻገር" ያለው ያገሬ ሰው ሞኝ አይደለም። ወንዙ ሞልቶ እያለ በንግግር ችሎታ ልሻገር ያለ ተወሰደ። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ስትመክሩ ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ አስቡ። እሱ እኮ ሰብሳቢ ነው። ማህተሙ እሱ ጋ ነው። ደካማው ወገን ሽማግሌው ናቸው።

የ97ቱ_ተማሪ፦
እሱን አልካድኩም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርህ ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ማህተም የያዘ ሰው ነው ቀድሞ መልስ መስጠት ያለበት።

ሚስማር_ተራ፦
እናንተ ደግሞ ቶሎ ቃሊቲ ገባችሁ። እኔ ኳስ ልንገራችሁ። ቡና ነኝ። ጎረቤቴ ጊዮርጊስ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ሳይዘጋ በፊት የደርቢ ቀን በአንድ ታክሲ ሄደን በሩ ላይ እንለያይ ነበር። እሱ ወደራሱ፣ እኔ ወደራሴ። ዘጠና ደቂቃ ዘፈን ነው። እነሱ ዋንጫ በዋንጫ ናቸው፣ ከ1928 ጀምሮ ያለ ክለብ ነው፣ ምን ትላቸዋለህ። እኛ በ2003 ሊጉን ስንበላ ከማን እጅ ወሰድን? ከነሱ። ጣዕሙ ለዛ ነው። ሌላ ቡድን ይዞት ቢሆን ግማሽ ደስታ ነበር።

ግን ድንጋይ የተወረወረበትን ቀንም አይቻለሁ። ጠርሙስም። እንዴት እንደሚጀምር ልንገራችሁ፣ ከአጠገቤ ስለጀመረ። ዘፈኑ ስለ በረኛው እጅ ሲሆን ተቃራኒውም ይስቃል፣ መልስ ይዘፍናል፣ አንዳንዴ ከኛ የተሻለ ይገጥማል። አንዱ ይነሳና ስለ ሰው እናት፣ ስለ ሰው ብሔር ያነሳል። እሱን ተከትሎ ሳቅ ይቆማል። ትንሽ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ ነገር በአየር ይመጣል። ሁሌም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ስለዚህ ያቺን የምድር ቤቱን ነገር ስብሰባ ላይ እንዳታነሳት። "እርስዎማ ውሃ ይደርስዎታል" ያልክ ቀን ሰፈሩ ለሁለት ይከፈልልሃል።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ሚስማር_ተራ ልክ ብለሃል። እኛ እዚህ አሜሪካ የኳሱንም በዓል አልማርነውም። በየዓመቱ በሐምሌ 4 ሰሞን የሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ውድድር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ሰው ከየስቴቱ ተጠራርቶ የአብሮ አደጉን ፊት የሚያይበት ነው። ፖለቲካው ገባበትና በ2012 ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ዳላስ አንዱ ዋሽንግተን፣ በአንድ ሰሞን። ወዳጅ ለወዳጅ "አንተ የትኛው ጋ ነህ" ተባባለ። እኔ የሄድኩበትን እንኳ ለአክስቴ ልጅ ሳልነግራት ቀረሁ።

አሁን ደግሞ ክርክሩ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ነው። አንዱ ይቃወማል፣ አወያዩ ያስወጣዋል፣ ከዚያ የቀሩት እርስ በርስ ሲስማሙ ያድራሉ፣ ስጦታ ይዘንባል። ያስወጡት ሰውዬ ደግሞ የራሱን ላይቭ ከፍቶ እነሱን ይሰድባል፤ እዚያም ስጦታ ይዘንባል። ሁሉም ሰው ተከራክሬ ረታሁ ብሎ ነው የሚተኛው። ሁለቱን ላይቭ የሚያይ ሰው ግን አንድም ጥያቄ አንድም መልስ አልሰማም። ቴሌግራም ላይ ልክ ልካቸውን እንንገራቸው ያለውን ልጅ እዚህ ልከህ አንድ ሳምንት አሳየው።

የአራት_ኪሎዋ፦
ደግሞ ሁሌ ኃይሌ፣ ሁሌ ጊዮርጊስ። መሠረት ደፋርንና ጥሩነሽ ዲባባን የሚያነሳ ጠፋ? አቴንስ 2004 5 ሺህ፣ መሠረት ወርቅ ጥሩነሽ ነሐስ። ሄልሲንኪ 2005፣ ጥሩነሽ አንደኛ መሠረት ሁለተኛ፤ ያን ቀን እስከ አራተኛ የእኛ ነበር። መሠረት በ2007 ኦስሎ ላይ 14:16.63 ሮጣ ክብረ ወሰን አሻሻለች፣ በዓመቱ እዚያው ኦስሎ ጥሩነሽ 14:11.15። ቤጂንግ ጥሩነሽ ወርቅ መሠረት ነሐስ፣ በኋላ ሁለተኛ የወጣችው በዶፒንግ ስትሰረዝ ወደ ብር ከፍ አለላት። ለንደን 2012 ደግሞ መሠረት ወርቅ ጥሩነሽ ነሐስ፣ መሠረት የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ያለቀሰችበት ቀን። አንድ ማሊያ፣ አንድ ባንዲራ። ሰው "አይነጋገሩም" እያለ ያወራ ነበር። እነሱ ግን መልሳቸውን መሮጫው ላይ ነው የሚሰጡት።

እና ብሎክ14፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጄሪካን የሚሸከሙት እናቶች ናቸው አላልክም? ስብሰባው ላይ ተናግረው ያውቃሉ? እኔ እንደዚህ ያለ ስብሰባ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሁለት ወንዶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይናገራሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ ልጅ ይዘው ይቀመጣሉ፣ አንዷ እጇን ስታወጣ "ቆይ እናቴ፣ እሳቸው ይጨርሱ" ትባላለች። ውሃ የሚቀዳው ሰው ሳይናገር ስለ ውሃ ክርክር ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ለነሱ ዕድል ስጥ። አንተ ሰብሳቢ ነህ፣ ሥራህ ማናገር ነው። ሽማግሌውን የምትገጥመው አንተ መሆን አለብህ ያለው ማነው?

አልዋጥልኝም፦
ለንደን ላይ እኮ ጥሩነሽ 10 ሺህ ሮጣ ወርቅ ወስዳ ደክሟት ነው። እሱን ለምን ዘለልሽው?

የአራት_ኪሎዋ፦
ቤጂንግም 10 ሺህ ሮጣ ነበር፣ ያኔ ሁለቱንም አሸነፈች። ድካሙ ስትሸነፍ ብቻ ነው እንዴ የሚነሳው?

አልዋጥልኝም፦
በአራት ዓመት ዕድሜ ጨምራለች።

የአራት_ኪሎዋ፦
መሠረት አልጨመረችም?

ዙር25፦
ይሄ ክርክር ካፌ ውስጥም አላለቀም፣ እዚህም አያልቅም። ደግሞም ባያልቅ ደስ ይለኛል።

ብሎክ14፦
እሺ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ አናዳችሁኛል። ትናንት ማታ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ። ስለ ጅማት ህመማቸው ተጨዋወትን። ስለ ፓምፑ ሳነሳ "ልጄ፣ ፓምፑን እኔም እፈልጋለሁ፣ ሚስቴ ልብስ የምታጥበው በምንድን ነው? ደረሰኙን አምጣና እሁድ መጀመሪያ የማዋጣው እኔ ነኝ" አሉኝ። ከዚያ በሩን ከፈቱልኝ፣ ማለት አስወጡኝ።

ብሩ እኔ እንደማውቀው ለጥበቃ ደሞዝና ለደረጃው መብራት ወጥቷል። ደረሰኙ ያለው የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ጋ ነው። እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም። እሁድ 8 ሰዓት ስብሰባ ጠርቻለሁ። የአራት_ኪሎዋ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉትን እናቶች አናግሬያለሁ፣ አንዷ "እኔ ነኝ የምጀምረው" ብላኛለች፣ ድምፅዋን ስለማውቀው ማይክ አያስፈልገንም።

ነገረ_ፈጅ፦
ጥሩ። ደረሰኝ ካልተገኘ የጥበቃውን ሰው ምስክር አድርገህ አምጣው። ደሞዙን በየወሩ ከማን እጅ እንደተቀበለ፣ ስንት እንደተቀበለ ራሱ ይናገር። ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ። ግን ደረሰኙን መፈለግህን አታቁም፣ ሽማግሌው የጠየቁህ ደረሰኝ ነው።

ሚስማር_ተራ፦
ገንዘብ ያዡ ቤት ለምን አትሄድም?

ብሎክ14፦
እዚሁ ብሎክ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ማታ መብራቱ ሲበራ አያለሁ። ሳንኳኳ አይከፍትም።

ሸገር_ቀማሽ፦
"ውሃ መጣ" ብለህ አንኳኳ።